ካላንደር ለወንድሜ ልኬለት ለውጡ እሱ ጋ አይታይም፣ ምን አጠፋሁ?

የጠዋት_ጤዛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል ግን እስከመጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል፣ ቤታችን ውስጥ ቅያሜ የፈጠረ ነገር ስለሆነ ነው።

እናታችን ታማሚ ናት። አንዴ የስኳር ክትትል አንዴ የዓይን፣ ከወደቀች ወዲህ ደግሞ ፊዚዮቴራፒ ተጨምሯል፣ ቀጠሮ የሌለበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። ልጆቿ ሦስት ነን። እኔና ታላቅ ወንድሜ እየተፈራረቅን ይዘናት እንሄዳለን፣ ታናሽ እህቴ ሌላ አገር ነው ያለችው ግን መድኃኒቷን በስልክ የምታስታውሳትም ሐኪሞቹን የምታናግረውም እሷ ናት። ድሮ በቴሌግራም ግሩፕ ነበር የምንነጋገረው፣ ቀጠሮው በፎቶና በቮይስ መሀል እየተዋጠ ሲያስቸግረን ሁሉንም ጉግል ካላንደሬ ላይ አስገባሁና ኤክስፖርት አድርጌ ፋይሉን፣ አይሲኤስ የሚለውን፣ ለሁለቱም ላክሁላቸው። ከፈቱት፣ አስገቡት፣ ሁሉም ቀጠሮ ስልካቸው ላይ ቁጭ አለ። እፎይ አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ፊዚዮቴራፒው ከሐሙስ ወደ ማክሰኞ ተዘዋወረ። ወዲያው ካላንደሬ ላይ አስተካከልኩት። ተራው የወንድሜ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት እማዬ ጫማዋን አድርጋ የምርመራ ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው፣ ጠበቀችው፣ አልመጣም። ስደውልለት «ሐሙስ አይደል እንዴ?» አለኝ። ተናደድኩበት። ከዛ የስልኩን ስክሪን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ እውነቱን ነው፣ እሱ ጋ ሐሙስ ይላል እኔ ጋ ማክሰኞ። ያን ቀን የተነጋገርነው ነገር አሁንም ልቤ ውስጥ አለ።

ሌላው ደግሞ ፋይሉ ውስጥ የእማዬ ቀጠሮ ብቻ አልነበረም ለካ፣ የኔም ነገር በሙሉ አብሮ ሄዷል፣ ለማንም ያልነገርኩትን የሥራ ኢንተርቪው እህቴ አይታ «እንዴት ሆነልሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ አንድሮይድ ነኝ፣ ወንድሜ አይፎን፣ እህቴ በሥራዋ ምክንያት አውትሉክ፣ የማይክሮሶፍቱን የኢሜይልና የካላንደር አፕ፣ ነው የለመደችው። ሦስታችንም የምናየው፣ ሦስታችንም የምናስተካክለው፣ የግሌን ነገር ግን የማያሳይ አንድ ካላንደር ይቻላል ወይ?

ባለክሩ፦

እህቴ መጀመሪያ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ሁለተኛ፣ ወንድምሽም አንቺም አላጠፋችሁም፣ ይሄን ንገሪው እባክሽ። የላክሽለት ፎቶኮፒ ነው። ፎቶኮፒ ሰጥተሽ ከተለያያችሁ በኋላ ዋናው ላይ ብትሰርዢ ብትደልዢ እሱ እጅ ላይ ያለው ወረቀት አይለወጥም፣ የሆነው ይኸው ነው።

አይሲኤስ የሚባለው የፋይል ዓይነት የቆየ ስታንዳርድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2009 ተሻሽሏል፣ ለዛ ነው ከጉግል የወጣው አይፎን ላይም አውትሉክ ላይም ያለምንም ችግር የሚከፈተው። ያለምንም ችግር መከፈቱ ነው ሰውን የሚያሳስተው፣ ከተከፈተ ተገናኝቷል ማለት ይመስላል ግን አልተገናኘም። ኤክስፖርት ደግሞ ካላንደሩን እንዳለ ነው የሚያወጣው፣ ይሄ ይሂድ ይሄ ይቅር ብለሽ አትመርጪም፣ ኢንተርቪውሽም የሄደው በዛ ነው።

ካላንደርን ለሰው የማድረሻ መንገዱ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ አንቺ ያደረግሽው ነው፣ የተላከን ፋይል ማስገባት፣ ኢምፖርት ይባላል፣ አንዴ ተገልብጦ ያበቃለታል። ሌላው ሰብስክራይብ ነው፣ በሊንክ፣ ያኛው ሰው የአንቺን ካላንደር እየመጣ ያነባል ግን መጻፍ አይችልም፣ ደግሞ የሚመጣው በራሱ ጊዜ ነው፣ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን፣ ስለዚህ ጠዋት የተቀየረ ቀጠሮ ማታ ላይ ይደርሰዋል። የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ የበዓል ቀናት ወይ የስፖርት ፕሮግራም፣ በጣም ጥሩ ነው፣ ለሐኪም ቀጠሮ ግን አልመክርም። ሦስተኛው እውነተኛው ሼር ነው፣ ኢቨንቱ፣ ማለት የተያዘው ቀጠሮ፣ አንድ ቦታ ሰርቨር ላይ ነው ያለው፣ ሁላችሁም እዛው አንዱን ነው የምታዩት፣ አንዱ ሲነካው የሁላችሁም ይለወጣል። የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልክ ላይ አትድከሚ፣ ኮምፒውተር ላይ በብራውዘር ክፈቺው። በግራ በኩል «አዘር ካላንደርስ» ከሚለው ጎን የመደመር ምልክት አለ፣ እሱን ነክተሽ አዲስ ካላንደር ፍጠሪ፣ ስሙን «የእማዬ ቀጠሮ» በይው። የራስሽን ዋናውን ካላንደር ሼር እንዳታደርጊ፣ ለብቻው አዲስ ይሁን፣ የግልሽ ነገር የሚጠበቀው በዚህ ነው። ከዛ የአዲሱ ካላንደር ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ የሁለቱን ኢሜይል ጨምሪ። አራት ዓይነት ፈቃድ ይሰጥሻል፣ ነፃ ነኝ ወይ ተይዣለሁ ብቻ የሚያሳይ፣ ሁሉንም ዝርዝር የሚያሳይ፣ ኢቨንት መለወጥ የሚያስችል፣ እና መለወጥም ለሌላ ሰው ማጋራትም የሚያስችል። ለሁለቱም ቢያንስ ሦስተኛውን ስጪ። አራተኛውን ግን ቢያንስ ለአንዳቸው ብትሰጪ ጥሩ ነው፣ አንቺ ስልክሽ ቢጠፋ ወይ አካውንትሽ አልገባ ቢልሽ ሌላ ሰው መጨመር የሚችል መኖር አለበት። ኢሜይል ይደርሳቸዋል፣ ውስጡ ያለውን ሊንክ ካልነኩ ግን ካላንደሩ እነሱ ጋ አይገባም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቀረው።

ለእህትሽ፣ አውትሉክ ላይ በሊንክ ብታስገባው ሰብስክራይብ ነው የሚሆንባት፣ የዘገየና የማይጻፍበት። የጉግል አካውንት ከሌላት ታውጣና የጉግል ካላንደር አፑን ስልኳ ላይ ትጫን። በሥራዋ አካውንት በኩል ባይሆን ይሻላል፣ የመሥሪያ ቤት አካውንት ላይ ማን ምን ማየትና ማጋራት እንደሚችል የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ ነው፣ የእናት የሕክምና ጉዳይ ደግሞ የቤተሰብ ነው።

ሐረግ_22፦

እኔ በዚህ አልስማማም። ለሦስት ሰው አዲስ ካላንደር ማቋቋም ምን ያስፈልጋል፣ ኢቨንቱን ፈጥረሽ ሁለቱን እንግዳ አድርገሽ ጋብዣቸው አለቀ። ግብዣ በኢሜይል ስለሚሄድ አውትሉክም ሆነ አይፎን ችግር የለበትም፣ እህትሽም አዲስ አካውንት ማውጣት አይጠበቅባትም፣ ቀኑን ስትቀይሪ «ተቀይሯል» የሚል መልዕክት ይደርሳቸዋል፣ አክሴፕት ይላሉ። አክሴፕት ያላለው ማን እንደሆነ ደግሞ አንቺ ታያለሽ፣ ሼር ካላንደር ላይ እኮ ማን እንዳየ ማን እንዳላየ አታውቂም። ወንድሟ አለማየቱን ቀድማ ብታውቅ ኖሮ እናቲቱ በር ላይ ተቀምጠው አይቀሩም ነበር።

ባለክሩ፦

ሐረግ ያልከው ስለ አክሴፕቱ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን እንግዳ የሆነ ሰው በተለምዶ ቀኑን መቀየር አይችልም፣ ፈጣሪው «ሞዲፋይ ኢቨንት» የሚለውን ካልፈቀደለት በስተቀር። በየሳምንቱ አዲስ ቀጠሮ በመጣ ቁጥር ሁለቱን መጋበዝ አለባት፣ አንድ ቀን አንዱን ብትረሳ ተመልሰን እዛው ነን። ደግሞ ሁሉ ነገር እሷ ትከሻ ላይ ይወድቃል፣ ሐኪሞቹን የምታናግረው እህቷ ሆና ሳለ ቀጠሮ ባገኘች ቁጥር ለሷ እየደወለች «አስገቢልኝ» ልትላት ነው?

ተረኛ_ነኝ፦

እኔ ነርስ ነኝ፣ የክፍላችንን ተረኛ ፕሮግራም ለሁለት ዓመት ያህል በጋራ ካላንደር ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ከልምድ ልናገር። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚሠራው።

የጋራ ካላንደር ሁሉም ሰው እንዲያይ ያደርጋል። ግን እኛ ጋ የገጠመን ምን መሰላችሁ፣ አንድ የሌሊት ተረኛ ታመመችና ቦታዋ «ሰው ይፈለጋል» ተብሎ ተጻፈ፣ ስምንታችንም አየነው፣ ስምንታችንም ሌላዋ ትይዘዋለች ብለን ተኛን፣ ያን ሌሊት አንዲት ልጅ ብቻዋን አሥራ ሰባት በሽተኛ ይዛ አደረች። ጠዋት ፊቷን ያየሁት እስከዛሬ አይጠፋኝም። ከዛ በኋላ ደንብ አወጣን፣ ኢቨንቱ የጋራው ካላንደር ላይ ይገባል፣ ተራው የሆነው ሰው ግን ለብቻው እንግዳ ሆኖ ይጋበዛል፣ አክሴፕት ካላለ ይደወልለታል። የጠዋት ጤዛ አንቺም እንደዛ አድርጊ፣ ሦስታችሁም ታያላችሁ፣ ይዟት የሚሄደው አንዱ ብቻ ይጋበዛል። የተጋበዘው ሰው ኢቨንቱን ሁለት ጊዜ ሊያየው ይችላል፣ አንዴ በጋራው አንዴ በራሱ፣ እንዳይደናገጥና አንዱን እንዳይሰርዝ ከወዲሁ ንገሪው።

ስሙን ደግሞ ርዕሱ ላይ ጻፉት፣ «ፊዚዮ፣ ተራ ወንድሜ» አይነት። በቀለም አትለዩ እኛ ሞክረነዋል አልሆነም፣ የካላንደር ቀለም እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስልክ የሚመርጠው ነው፣ አንቺ ሰማያዊው ስትዪው እሱ ጋ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

ሪማይንደርም እንደዛው ነው። ካላንደሩን ሼር አደረግሽ ማለት ማስታወሻሽን ሼር አደረግሽ ማለት አይደለም፣ አንቺ «ከአንድ ቀን በፊት አስታውሰኝ» ብለሽ የሞላሽው ለአንቺ ብቻ ነው የሚጮኸው። እያንዳንዳችሁ በየስልካችሁ ገብታችሁ ለዛ ካላንደር ኖቲፊኬሽን አስተካክሉ፣ ለሐኪም ቀጠሮ ከአንድ ቀን በፊትና ከሁለት ሰዓት በፊት ብታደርጉት ጥሩ ነው።

እና አደራ፣ የዛኑ ቀን ወይ የነገ ቀጠሮ ከተቀየረ ካላንደሩን አስተካክላችሁ ዝም አትበሉ፣ ደውሉ። ስልኩ ኔትወርክ ከሌለው ለውጡ እዛው ስልኩ ላይ ይቆያል እንጂ አይሄድም፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ነው የሚላከው።

የጠዋት_ጤዛ፦

ተባረኩ ሁላችሁም። ተረኛ ያልሽው ነገር እንባ አመጣብኝ፣ እኛም እኮ አንዱ ይዟታል እየተባባልን ያለፍናቸው ቀኖች አሉ።

ትናንት ማታ ሠራሁት። «የእማዬ ቀጠሮ» የሚል አዲስ ካላንደር ፈጠርኩ፣ ቀጠሮዎቹን አንድ በአንድ ወደዛ አዛወርኳቸው፣ ሁለቱም ኢሜይሉን ከፍተው አስገቡት። እህቴ ጋ ሠራ። ግን ሦስት ነገር ገጠመን። ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ያየዋል አይፎኑ ላይ ግን የለም። ሁለተኛ እህቴ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያልኩት ቀጠሮ ሌላ ሰዓት ነው የሚለው፣ እሷ ደግሞ «ልታስተካክለው» ብላ ቀይራው የኔም ተበላሸ። ሦስተኛ ወንድሜ ስልክ ላይ የድሮዎቹ አሁንም አሉ፣ ሐሙስም ይላል ማክሰኞም ይላል።

ዘመን_ቆጣሪ፦

የአይፎኑ ነገር እኔንም አንድ ሳምንት ያስለፋኝ ስለሆነ ልመልስልሽ። አይፎን ላይ የራሱ የስልኩ ካላንደር አፕ ሌላ ሰው ያጋራሽን የጉግል ካላንደር በራሱ አያመጣም። ጉግል «ሲንክ ሴሌክት» የሚል የተለየ ገጽ አለው፣ «ጉግል ካላንደር ሲንክ ሴሌክት» ብሎ በብራውዘር ይፈልግና በራሱ አካውንት ይግባ፣ የተጋሩ ካላንደሮች ዝርዝር ይመጣለታል፣ «የእማዬ ቀጠሮ» ጎን ያለችውን ሳጥን ምልክት አድርጎ ሴቭ ይበል። ከዛ የስልኩን ካላንደር ከፍቶ ወደታች ስቦ ይልቀቅ፣ ይመጣለታል። ወይም የጉግሉን አፕ ራሱን ይጫን፣ እዛ ላይ ይሄ ጣጣ የለም።

አንድ ሳይጠየቅ የምጨምረው፣ ወንድምሽ አዲስ ቀጠሮ ሲያስገባ ወዴት እየገባ እንደሆነ ይይ። አይፎን ሴቲንግ የካላንደር ክፍል ውስጥ «ዲፎልት ካላንደር» የሚል አለ፣ አዲስ ቀጠሮ ካልመረጠ በራሱ የሚገባበት ማለት ነው፣ እዛ ላይ የራሱ የግሉ ከተመረጠ እሱ የእናቱን ቀጠሮ አስገብቻለሁ ብሎ በሙሉ ልብ ይቀመጣል እናንተ ጋ ግን አይታይም። ጥፋቱን ለማግኘት ከባድ ነው ምክንያቱም እሱ ጋ ሁሉም ነገር ልክ ነው የሚመስለው። ሴቭ ከማለቱ በፊት የካላንደሩን ስም ማየት ይልመድ።

ሰዓቱን በተመለከተ እህትሽ ያየችው ስህተት አልነበረም። ካላንደሩ ቀጠሮውን ከታይም ዞኑ ጋር ነው የሚይዘው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ባለበት አገር ሰዓት ቀይሮ ያሳየዋል፣ ያው አንዷ ደቂቃ ናት፣ አንቺ ጋ ጠዋት እሷ ጋ ምናልባት ገና ሌሊት። አትንካው። እሷ ራሷ ቀጠሮ ስታስገባ ግን ከሰዓቱ ስር «ታይም ዞን» የሚለውን ከፍታ እናታችሁ ያለችበትን አገር ትምረጥ፣ አለበለዚያ የሷን ሰዓት ነው የሚይዘው። እሷ ያለችበት አገር በዓመት ሁለቴ ሰዓት የሚቀይር ከሆነ በየሳምንቱ የሚደጋገመው ፊዚዮቴራፒ ለሷ በአንድ ሰዓት ፈቅ ብሎ ይታያታል፣ እሱም ልክ ነው። «ኦል ዴይ» ተብሎ የተያዘ ነገር ግን ቀን ብቻ እንጂ ሰዓት የለውም፣ ስለዚህ የመድኃኒት ሰዓት በዛ አትያዙ።

ደግሞ የሚደጋገም ቀጠሮ ስትቀይሩ የሚመጣውን ጥያቄ ሳታነቡ እሺ አትበሉ። ይሄን ብቻ፣ ይሄንና ከዚህ በኋላ ያሉትን፣ ወይስ ሁሉንም ነው የሚለው። አንዷን ማክሰኞ ለማንሳት ብላችሁ ሁሉንም ብትሉ የስድስት ወር ፕሮግራም ይንቀሳቀሳል።

ባለክሩ፦

የድሮዎቹን በተመለከተ፣ እነሱ ወንድምሽ የራሱ ካላንደር ውስጥ የገቡ ቅጂዎች ናቸው፣ አንቺ ከዚህ ሆነሽ ልታጠፊያቸው አትችዪም፣ እሱ ራሱ ነው የሚያጠፋው። ያኔ ፋይሉን ሲከፍት አይፎኑ ወደ የትኛው ካላንደር ላስገባ ብሎ ጠይቆታል፣ ለብቻው አዲስ ካላንደር መርጦ ከነበረ ያን ካላንደር ማጥፋት ነው አለቀ። ከራሱ ጋር ቀላቅሎት ከነበረ አንድ በአንድ ነው፣ የሚደጋገሙትን «ወደፊት ያሉትን ሁሉ አጥፋ» ማለት ያሳጥርለታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፣ ከማጥፋቱ በፊት ኢቨንቱን ከፍቶ የየትኛው ካላንደር እንደሆነ ይይ፣ የጋራውን ካጠፋ የሦስታችሁም ነው የሚጠፋው። ቢሳሳት ኮምፒውተር ላይ የካላንደሩ ሴቲንግ ምልክት ስር «ትራሽ» አለ፣ የጠፋው ኢቨንት ወደ 30 ቀን ያህል እዛ ይቆያል፣ መመለስ ይቻላል።

ተረኛ_ነኝ፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ስለ ምስጢር። የካላንደሩ ሴቲንግ ውስጥ «ለሕዝብ ክፍት አድርግ» የሚል አለ፣ እሱን አትንኪ፣ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። «ሲክሬት አድሬስ» የሚባል ሊንክም አለ፣ ፓስወርድ አይጠይቅም፣ ሊንኩ እጁ የገባ ሁሉ ያነባል፣ በስህተት ግሩፕ ላይ ከለጠፋችሁት እዛው «ሪሴት» የሚለውን ንኩ፣ አሮጌው ይሞታል። ደግሞ ኢቨንት ላይ «ፕራይቬት» ብለሽ ብትሞዪም የመለወጥ ፈቃድ ያለው ሰው ዝርዝሩን ያየዋል፣ ስለዚህ የግልሽን ነገር በጋራው ካላንደር ውስጥ በፕራይቬት ልደብቅ እንዳትዪ። የምርመራ ውጤትም ማስታወሻው ቦታ ላይ አትጻፉ፣ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የክፍል ቁጥሩ፣ ሳትበላ ትምጣ የሚል ካለ እሱ፣ ይበቃል።

የጠዋት_ጤዛ፦

ይቅርታ ቆየሁ። ወንድሜ ሲንክ ሴሌክቱን አግኝቶ ሠራለት። የድሮዎቹን ለማጥፋት እሁድ እኛ ቤት መጣ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እኔ በኔ ስልክ እያየሁ እሱ በሱ እያጠፋ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን፣ አንዷን የጋራ ሊያጠፋ ሲል ባለክሩ ያልከው ትዝ ብሎኝ እጁን ያዝኩት። ስለዛች ማክሰኞም አወራን። እማዬ «ምን እየሠራችሁ ነው?» አለችን፣ አሳየናት፣ መነጽሯን አድርጋ የየቀጠሮዋን ስም እያነበበች ወንድሜ የሚል ስታይ ለሱ፣ የኔን ስታይ ለኔ ትጠቁማለች።

ዛሬ የዓይን ቀጠሮዋ ወደ ዓርብ ተገፋ። መስኮቱ ጋ ቆሜ እዛው ቀየርኩትና ተራው የሱ ስለሆነ ደወልኩለት፣ ሳልነግረው «ዓርብ፣ አየሁት፣ አክሴፕት ብያለሁ» አለኝ። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ እማዬ ራሷ «እኔስ ስልክ ላይ አይገባም ወይ?» ብላለች፣ እሷ ምንም እንዳትነካ አድርጌ እንድታይ ብቻ ማድረግ ይቻላል?

ባለክሩ፦

ይቻላል። ስልኳ ላይ የጉግል አካውንት ካላት በሷ ኢሜይል ጨምሪያትና ከአራቱ ሁለተኛውን፣ ሁሉንም ዝርዝር የሚያሳየውን ስጫት። ታያለች፣ በስህተት ብትነካውም አይለወጥም። ሪማይንደሯን አንቺ ስልኳን ይዘሽ አስተካክዪላት፣ ድምፁም ከፍ ይበል።